ተበዳዩን መውቀስ ሌባውን መርዳት ነው

ገንዘቡን በስልክ የተበላ ሰው ሲገጥመን አፋችን ላይ ቶሎ የሚመጣው «ምን ነካህ? እንዴት አታጣራም?» የሚል ወቀሳ ነው። ወቀሳው ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ «በስህተት ልኬልዎት ነው» በሚሉ ደዋዮች የተበሉትን ሲያገኛቸው ነው። ይህ ማጭበርበር የሚይዘው ስግብግቡን ሳይሆን የሰው ገንዘብ አልነካም የሚለውን ነውና።

መጀመሪያ 5,000 ብር እንደገባልዎት የሚገልጽ አጭር መልእክት ይደርስዎታል። ወዲያው ስልክ ይደወላል። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእህቴ የሆስፒታል ብር ነበር፣ በፈጣሪ ይመልሱልኝ።» መልእክቱን የጻፈው ደዋዩ ራሱ ነው። የገባ ብር የለም፤ ተመላሽ ተብሎ የሚላከው ከእርስዎ ኪስ ነው።

ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን በስልክ መክፈልና መቀበል ለምደናል። እሰየው ነው። ግን መልእክትን እንደ ደረሰኝ ማመንንም አብረን ለምደናል። መልእክት ማንም ይጽፋል። ቀሪ ሂሳብዎን ግን ደዋዩ ሊጽፍልዎት አይችልም። ስለዚህ ስልኩን ይዝጉና በ*127# ወይም በመተግበሪያው ሂሳብዎን ይዩ። ደዋዩ «አይዝጉብኝ» እያለ የሚለማመጠው ይህን እንዳያደርጉ ነው። ብሩ በእርግጥ ገብቶ ቢያገኙት እንኳ በእጅዎ አይመልሱ፤ ከሌላ ሰው የተሰረቀ ሊሆን ይችላል። ለባንኩ ወይም ለቴሌብር የደንበኞች አገልግሎት ይንገሩ፤ እነሱ አጣርተው ይመልሱት።

«ከባንክ ነው የምደውለው» ብሎ የሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የመጣ ኮድ የሚጠይቅዎት ሌባ ነው። እዚህ ላይ ማመንታት አያስፈልግም።

የሱቅ ሠራተኞች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ገዢው የከፈለበትን ስክሪንሾት ያሳያል፣ ዕቃውን ይዞ ይሄዳል። ሂሳቡ የባለሱቁ ስለሆነ የገቢው መልእክት የሚደርሰው ባለሱቁ ስልክ ላይ ነው፤ ሻጯ ግን ከፊቷ የቆመውን ሰው ከማመን ውጪ ማረጋገጫ የላትም። ማታ ሂሳብ ሲጎድል ከደመወዟ ይቆረጣል። ይህ ግፍ ነው። ባለሱቁ ገንዘቡ መግባቱን የምታይበትን መንገድ ካልሰጣት ጉድለቱን መሸከም ያለበት እሱ ነው።

የተበላ ሰው በዚያው ሰዓት ለባንኩና ለፖሊስ ማመልከት አለበት፤ የደዋዩን ቁጥርና መልእክቱንም አያጥፋ። ነገር ግን የልጆቻቸውን ቁጣ ፈርተው ለቀናት የሚደብቁ እናቶች አሉ። ገንዘቡ እስከዚያ ከአንዱ ሂሳብ ወደ ሌላው ዞሮ በጥሬው ሊወጣ ይችላል።