ለዘጠነኛ ክፍል ጀማሪዎች ያለብን ዕዳ

የትምህርቱ ዘመን ሊፈጸም ጥቂት ሳምንታት ብቻ ቀርተውታል። ከእኛ ብዙዎቻችን ሻንጣችንን አሥረን ወደየአገራችን እንገባለን። እዚያም አንድ ታናሽ ወንድም ወይም አንዲት ታናሽ እኅት፥ ካልሆነም የጎረቤት ልጅ፥ የ8ኛ ክፍል ፈተናውን ጨርሶ ይጠብቀናል። በመስከረም 9ኛ ክፍል ይገባልና፥ «ሁለተኛ ደረጃ እንዴት ነው? ይከብዳል ወይ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። እኛም እንደ ልማዳችን ትከሻውን መታ መታ አድርገን፥ «አይዞህ፥ በርትተህ አጥና» ብለነው እናልፋለን። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ነገር ግን ለተጠየቀው ጥያቄ መልስ አይሆንም። ማጥናት እንደሚገባውማ ልጁ ሳንነግረው ያውቃል። በዚህ እትም ልናመለክት የወደድነው፥ ከዚያች አጭር ምክር አልፈን ምን ልንለው እንደሚገባን ነው።

ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ የኩረጃው በር ሲጠብ፥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያገኙት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ከመቶ፥ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ 5.4 ከመቶ ነበሩ። በ2015 ዓ.ም. አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከ1,000 በላይ ነበሩ። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ስለ 12ኛ ክፍል ተነጋገረ፤ ስለ ፈተናው፥ ስለ ፈታኙ፥ ስለ ማካካሻው ትምህርት ብዙ ተባለ። ነገር ግን በ12ኛ ክፍል የወደቀው ልጅ መንሸራተት የጀመረው በ12ኛ ክፍል አይደለም። አብዛኛው የተንሸራተተው በ9ኛ ክፍል፥ በመጀመሪያዎቹ ወራት፥ ማንም ሳያየው ነው።

ይህ የሚሆንበት ምክንያት ከቋንቋ ይጀምራል። በአገራችን ብዙ ክፍል ልጁ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማረው በአፍ መፍቻ ቋንቋው ነው፤ በአንዳንድ ቦታ ሒሳቡና ሳይንሱ ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ ወደ እንግሊዝኛ ይዞራል። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን የአገሩን ቋንቋዎች ከሚያስተምሩት ክፍለ ጊዜያት በቀር መጽሐፉም ፈተናውም እንግሊዝኛ ይሆናል። ትናንት በክፍሉ አንደኛ ይወጣ የነበረው ልጅ ዛሬ መምህሩ የሚሉትን ከግማሽ በላይ አይሰማም። የማያውቀው ቋንቋውን መሆኑን ሳይረዳ፥ ትምህርቱን ራሱን የማያውቅ ይመስለዋል። «ለካስ ጎበዝ አልነበርኩም» ብሎ በልቡ ይፈርዳል። ከዚያ በኋላ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ነው እኛን የሚያሳስበን።

ከእኛ መካከል ያን ዝምታ የማያስታውስ ጥቂት ነው። ስድሳና ሰባ ሆነን በተጨናነቅንበት ክፍል፥ መምህሩ «ገብቷችኋል?» ሲሉን ሁላችን በአንድ ድምፅ «አዎን» እንል ነበር። ያልገባን ሁላችን ነበርን፤ ነገር ግን እያንዳንዳችን ያልገባን እኛ ብቻ መስሎን አፈርን። መምህሩም የገባን መስሏቸው ወደ ሚቀጥለው ምዕራፍ ተሻገሩ። እንዲህ እያለ ዓመቱ አለቀ። ከዚያ ወንበር ላይ ተነሥተው እዚህ ያልደረሱት ጓደኞቻችን ብዙዎቹ በአእምሮ ከእኛ አያንሱም ነበር። በዝምታቸው ላይ ቀሩ እንጂ።

እንግዲህ ልጁን ምን እንበለው?

በመጀመሪያ፥ የሚያውቀውን እንደሚያውቅ እናስታውሰው። በ7ኛና በ8ኛ ክፍል «ብርሃን አስተጻምሮ» ብሎ የተማረ ልጅ፥ በ9ኛ ክፍል «ፎቶሲንተሲስ» ሲባል አዲስ ነገር የመጣበት መስሎት ይደነግጣል። ቅጠሉ ግን ያው ቅጠል፥ ፀሐዩም ያው ፀሐይ ነው፤ የተለወጠው ስሙ ብቻ ነው። «ፍራክሽን» የሚባለውም በገበያ እንኳ ሲጠቀምበት የኖረው ሩብና ግማሽ፥ ማለት ክፍልፋዩ ነው። ስለዚህ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል መጽሐፎቹንና ደብተሮቹን እንዳይጥል፥ ለቆሎ መጠቅለያም እንዳይሰጥ እንንገረው። አዲሱን መጽሐፍ በግራ፥ አሮጌውን በቀኝ አድርጎ ያንብብ። ከዚህ የተሻለ መዝገበ ቃላት በብዙ ገንዘብ አይገኝም።

ሁለተኛ፥ አንዲት ትንሽ ደብተር ለቃላት ብቻ ይለይ። በየቀኑ አምስት ቃል ይጻፍባት፤ ከቃሉ አጠገብ ትርጕሙን በገዛ ቋንቋው፥ ከሥሩም ራሱ የሠራውን አንድ ዐረፍተ ነገር። በዓመቱ ውስጥ ሁለት መቶ የትምህርት ቀን ቢያገኝ አንድ ሺህ ቃል ያዘ ማለት ነው። አምስት ቃል የሚከብደው ሰው የለም፤ አንድ ሺህ ቃል በአንድ ሌሊት የሚይዝ ሰው ደግሞ የለም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለእንዲህ ያለው ሥራ ነው።

ሦስተኛውና ዋነኛው ምክራችን፥ ይጠይቅ የሚል ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል። እንግሊዝኛው ቢሰባበርበት በተሰባበረው ይጠይቅ፤ እርሱም ባይሆንለት በአፍ መፍቻ ቋንቋው ይጠይቅ፤ በክፍል ውስጥ ቢያፍር ደወሉ ሲደወል መምህሩን በበር ላይ ጠብቆ ይጠይቅ። የሚስቁበት ልጆች እንዳሉ እናውቃለን፤ የሳቁትም በልባቸው «እንኳን ጠየቀልን» እንደሚሉ እኛ ስቀን ስለ ነበር እናውቃለን።

አራተኛ፥ ኩረጃን የሚመለከት ነው። በ9ኛ ክፍል ኩረጃ የሚጀመረው በክፋት ሳይሆን በጓደኝነት ስም ነው። ዛሬ አንዱ የቤት ሥራውን ያውሰዋል፥ ነገ እርሱ ያውሳል፤ ከነገ ወዲያ ሁለቱም ያልሠሩትን ከሦስተኛው ይገለብጣሉ። ውጤቱ በሪፖርት ካርዱ ላይ ጥሩ ሆኖ ይታያል፤ አባትና እናትም ደስ ይላቸዋል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2011 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ከ8ኛ ክፍል ፈተና በኋላ ልጁን የሚያስቆም ብሔራዊ ፈተና እስከ 12ኛ ክፍል ድረስ የለም። አራት ዓመት ሙሉ እየገለበጡ መራመድ ይቻላል ማለት ነው። መጨረሻ ላይ ግን ከሚያውቀው ጓደኛው ርቆ፥ በማያውቀው ግቢ፥ ብቻውን ከወረቀቱ ጋር ይፋጠጣል። አብሮ ማጥናትን ግን ከኩረጃ እንዲለይ እንንገረው። ሦስት ልጆች ተሰብስበው አንዱ ለሁለቱ ሲያስረዳ፥ ከሁሉ ይልቅ የሚማረው የሚያስረዳው ነው።

አምስተኛው ምክር ከገጠር ለሚመጡት ነው፤ ከእኛም ብዙዎቻችን ከእነርሱ ነን። በብዙ ቀበሌ ትምህርት ቤቱ 8ኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ልጁ ወይም ልጅቱ በ15 ዓመት ዕድሜ ወደ ወረዳው ከተማ ወርዶ፥ ከሁለት ከሦስት ጓደኞቹ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ፥ ቅዳሜ ወደ ቤቱ በእግሩ ተጕዞ፥ እሑድ ማታ ስንቁን ተሸክሞ ይመለሳል። ድርቆሹ ሐሙስ ላይ ያልቃል፤ ዓርብን በቆሎ ይውላል። ለእንዲህ ያለው ልጅ «በርትተህ አጥና» ማለት ብቻውን ቀልድ ነው። ይልቅስ አብሮት የሚኖረውን ጓደኛ ዐስቦ እንዲመርጥ፥ የውሃውንና የምግቡን ሥራ በተራ እንዲከፋፈሉ፥ የስንቅ መያዣውንና የኪራዩን ገንዘብ በመጀመሪያው ሳምንት እንዳያባክን፥ ሲታመም ወይም ሲቸግረው የክፍል ኀላፊ መምህሩን ደፍሮ እንዲያነጋግር እንምከረው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ከባዶች ናቸው፤ ናፍቆቱም ራቡም እንግሊዝኛውም አንድ ጊዜ ይመጣሉ። ከገና በኋላ ግን ነገሩ እንደሚለምድ እኛ ምስክሮች ነን። ይህን ከሰው አፍ ቢሰማ ኖሮ በኅዳር ትምህርቱን ጥሎ ወደ ቤቱ የማይመለስ ስንቱ ነው?

ስለ ሴቶቹ ልጆች ደግሞ ምክራችን ከእነርሱ ይልቅ ለወላጆቻቸው ነው። ወንዱ ደብተሩን ዘርግቶ ሲቀመጥ እርሷ እንስራ ታዝላለች፤ እርሱ ሲተኛ እርሷ ሊጥ ታቦካለች፤ በፈተና ቀን ግን ወረቀቱ ለሁለቱም አንድ ነው። በዚህ ክረምት እያንዳንዳችን በየቤታችን ተናግረን፥ ለእኅቶቻችን በቀን ሁለት ሰዓት የማይነካ የጥናት ጊዜ ብናስፈቅድላቸው፥ ስለ ሴቶች ትምህርት ከምናደርገው ክርክር ሁሉ ይበልጣል። የምናስፈቅደውም እንስራውን ራሳችን ተሸክመን ቢሆን ነው የሚያምረው።

ይህን ስንል መምህራንን ለመውቀስ አይደለም። ስድሳ ሰባ ተማሪ በአንድ ክፍል ይዞ እያንዳንዱን ማዳመጥ እንደሚያስቸግር እናውቃለን። ነገር ግን ይህን ጋዜጣ ከሚያነቡት መካከል ወደፊት የሁለተኛ ደረጃ መምህራን የሚሆኑ አሉና፥ ለእነርሱም አንድ ቃል አለን። «ገብቷችኋል?» የሚለው ጥያቄ «አዎን» ከማለት በቀር መልስ የለውም። በእርሱ ፈንታ አንዱን ልጅ አስነሥቶ፥ «አሁን ያልኩትን በራስህ አባባል ንገረን፤ በፈለግኸው ቋንቋ» ማለት ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ የዓመቱን ዝምታ ግን ይሰብራል። አንዳንድ መምህራን እንግሊዝኛው እንዲለመድ ሲሉ ሌላ ቋንቋ በክፍል ውስጥ እንዳይሰማ ይከለክላሉ። ዐሳባቸው መልካም ነው። ነገር ግን ልጁ እንግሊዝኛ የሚለምደው በመናገር ነው፤ መናገር የሚጀምረውም አፉን እንዲከፍት ሲፈቀድለት ነው።

ከእኛ በፊት በዩኒቨርሲቲ የነበሩት ይህን ዕዳ በቀላሉ አልተመለከቱትም። ከ1950ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ጀምሮ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ «የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት» የሚባል ሥርዐት ነበረ። ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ እየወጣ ያገለግል ነበር፤ ብዙዎቹም ያገለገሉት በማስተማር ነው። ዛሬ ያን የመሰለ ግዴታ የለብንም። አንድ ዓመት እንስጥም አላልንም። የምንጠይቀው አንድ ከሰዓት በኋላ ነው።

ስለዚህ ለአባሎቻችን የምናቀርበው ዐሳብ ይህ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ አገሩ በገባ በመጀመሪያው ወር ውስጥ፥ 9ኛ ክፍል የሚገቡትን የሰፈሩን ልጆች አምስትም ሆኑ ዐሥር ሰብስቦ፥ በዛፍ ጥላም ይሁን በቤቱ ደጃፍ፥ አንድ ከሰዓት በኋላ አብሯቸው ይቀመጥ። የእንግሊዝኛውን መጽሐፍ አንድ ገጽ አብሯቸው ያንብብ። ያላወቁትን ቃል ይቍጠሩ፥ ያወቁትንም ይቍጠሩ፤ የሚያውቁት ከጠበቁት በላይ ሆኖ ሲያገኙት ደስታቸውን ያያል። ራሱም በ9ኛ ክፍል ስንት እንዳገኘ፥ በምን እንደ ወደቀ፥ ማን እንዳነሣው ሳያፍር ይንገራቸው። የወደቀበትን የሚደብቅ አማካሪ ለልጁ ሁለተኛ ዝምታ ያስተምረዋልና።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አባቶቻችን። እኛ በዩኒቨርሲቲ ስም መጠምጠማችንን በየመንደሩ ሰው ያየዋል። የጠመጠምነው ነገር ለታናሾቻችን የሚጠቅም መሆኑን ግን የሚያዩት በዚህ ክረምት በምናደርገው ነው። ልጁ በደጃፍ ላይ ቆሞ «ይከብዳል ወይ?» ሲለን፥ «አዎን ይከብዳል፤ ና ተቀመጥ፥ ላሳይህ» እንበለው።