ርካሹ ቤት ስንት ያወጣል?

በአውስትራሊያ ገጠር የሚሸጥ ቤት ፎቶ በየጊዜው ከስልክ ወደ ስልክ ይዞራል። የእንጨት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ ሰፊ በረንዳ፣ ከጎኑ የዝናብ ውሃ ታንከር፣ ግቢው ወደ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር። ዋጋው ሲድኒ ውስጥ ስቱዲዮ እንኳ አይገዛም። ከሥሩ «በዚህ ብር ቦሌ ላይ ምን ይገኛል?» የሚል አስተያየት አይጠፋም።

ደላላ የማይነግራችሁን ላስቀድም። አውስትራሊያ ውስጥ ቤት መግዛት ቪዛ አያስገኝም። ጭራሽ መንግሥት ከኤፕሪል 1 ቀን 2025 እስከ ማርች 31 ቀን 2027 የውጭ ዜጎች ነባር ቤት እንዳይገዙ ከልክሏል፤ በተማሪና በጊዜያዊ ቪዛ ያሉትም አይችሉም። (ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፤ ለእኔና ለእናንተ የተቀመጡ ግን አይደሉም።) አዲስ አበባ ቁጭ ብላችሁ «ቀብድ ላኩ» የሚል ከደወለላችሁ ስልኩን ዝጉት።

ፎቶው በእውነት የሚመለከተው ሜልበርን፣ ፉትስክሬይ አካባቢ ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ይዞ በየሳምንቱ ኪራይ የሚገፈግፈውን ወገናችንን ነው። እሱ ይግዛ? እኔ እንደማስበው ከቤቱ በፊት ከተማዋን ይመርምር።

ከብሪዝበን ወደ 1,000 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቀውን ኩዊልፒን እንውሰድ። የወረዳው ሕዝብ 800 ገደማ ነው። በ2021 ምክር ቤቱ መሬት ገዝቶ ቤት ለሠራና ለስድስት ወር ለኖረበት 12,500 ዶላር እሰጣለሁ አለ፤ መሬቱ ራሱ ከዚያ ስለማይበልጥ በነጻ እንደመስጠት ነው። የሚገርመው ከተማዋ ሥራ አላጣችም፤ ያጣችው ሠራተኛው የሚያድርበትን ቤት ነው። እንዲህ ባሉ ሩቅ ከተሞች ቤት ለመሥራት የሚወጣው ገንዘብ ቤቱ ሲሸጥ ከሚያወጣው ስለሚበልጥ ባንክም ያመነታል፣ ሠሪም አይመጣም። የርካሹ ቤት ምስጢር ግማሹ እዚህ ነው።

ሌላው ግማሽ ጥገናው ነው። ከ1990 በፊት በተሠሩ ቤቶች ግድግዳና ጣሪያ ውስጥ አስቤስቶስ ሊኖር ይችላል፤ አገሪቱ ሙሉ በሙሉ የከለከለችው በ2003 መጨረሻ ነው። ማስነሳቱ ባለሙያ ይፈልጋል፤ ባለሙያው ደግሞ ከሩቅ ነው የሚመጣው፣ መንገዱንም ያስከፍላል።

ይህን ስል «ገጠር ለእኛ አይሆንም» ከሚሉት ጋር አይደለሁም። በሜልበርንና በአዴላይድ መካከል ያለችው ኒል 2,000 ገደማ ሕዝብ ያላት ከተማ ናት። ዳክዬ አርዶ የሚያሽግ ድርጅት ሠራተኛ አጥቶ ከ2010 ጀምሮ ከበርማ የተሰደዱ የካረን ተወላጆችን ቀጠረ። በጥቂት ቤተሰቦች ተጀመረ፤ በአምስት ዓመት 200 ገደማ ሆኑ። በ2015 የወጣ ጥናት ለአካባቢው ኢኮኖሚ ያበረከቱትን 41.5 ሚሊዮን ዶላር ብሎ ገምቶታል። ልብ በሉ፤ ሥራው ቀደመ፣ ሰዎቹም ተያይዘው ሄዱ። የኛ ሰው ግን ብቻውን ፎቶ አይቶ ይነሳል፤ ከዚያ ቡና የሚያጣጣው ጎረቤት ሲያጣ በዓመቱ ይመለሳል።

ስለዚህ ደላላው ጋር ከመደወላችሁ በፊት ሦስትና አራት ቤተሰብ ሆናችሁ ተማከሩ። ሄዳችሁም አንድ ሳምንት ተከራይታችሁ እደሩ። ቅርብ ያለው ሆስፒታል ማታ ሐኪም አለው? ትምህርት ቤቱ ስንት ልጅ ቀርቶታል? ቤቱስ ገበያ ላይ የዋለው መቼ ነው? ሁለት ዓመት ገዢ ያጣ ቤት፣ እናንተም ልሽጠው ስትሉ ሁለት ዓመት ሊያስጠብቃችሁ ይችላል።