ማሽኑ ስንት ድምፅ አለው?

የኅብረት ሥራ ማኅበራት መርህ ግልጽ ነው፤ አንድ አባል፣ አንድ ድምፅ። አዋጅ ቁጥር 985/2009ም የቆመው በዚሁ ላይ ነው። አሥር ዕጣ የገዛም አንድ የገዛም ጠቅላላ ጉባኤ ላይ እኩል ነው።

አሁን ግን ለብድር ማን ይገባዋል የሚለውን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ማስላት ጀምሯል። የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክ "ሚቹ" በተባለው አገልግሎቱ ያለ መያዣ የሚያበድረው በዚህ መንገድ ነው። ነገ ወደ ሐዋሳ የቁጠባና ብድር ማኅበራትም መምጣቱ አይቀርም።

ይምጣ! የብድር ኮሚቴ ለዘመድ ያዳላል እያልን ስናማ ኖረናል።

ግን ልብ በሉ። ማሽን የሚማረው ከትናንት መዝገብ ነው። ትናንት የተበደረው የቡና መሬት በስሙ ያለው ወንድ ከሆነ፣ አሞራ ገደል ዓሣ የምትሸጠውን እናት "ታሪክ የላትም" ብሎ ይጥላታል። አድልዎው ያው ነው፤ የጠፋው ተጠያቂው ሰው ነው። ኮሚቴ ቢያዳላ ጉባኤ ላይ ተነስተን እንጠይቀዋለን፣ ካስፈለገም እንሽረዋለን። ማሽኑንስ ማን ይሽረዋል?

ስለዚህ መስፈርቱን ሶፍትዌር ሻጩ ሳይሆን ጠቅላላ ጉባኤው ያጽድቀው። የተከለከለ አባል ምክንያቱ በሲዳምኛም ሆነ በአማርኛ፣ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። የመጨረሻው ፊርማ የኮሚቴው ይሁን፤ ቅሬታ ሲመጣም መልስ የሚሰጠው እሱ ይሁን።

በሚቀጥለው ጉባኤ እጃችሁን አውጥታችሁ ጠይቁ፦ ይህን ማሽን ማን መረጠው?