ሞተሩ ይውረድ ከመባሉ በፊት

አሮጌ ስፖርት መኪና የገዛ ሰው ሁለት ዓይነት ጓደኛ አያጣም። አንዱ «በናትህ አንዴ ልንዳት» ይላል፤ ሌላው «ምነው ኮሮላ ብትገዛ» ይላል። ከሁለተኛው ጋር የሚያስማማኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የመኪናዬ ፍሪሲዮን።

እ.ኤ.አ. የ1972 ኤምጂቢ ናት። እንግሊዞች ከ1962 እስከ 1980 ድረስ አቢንግደን በምትባል ከተማ ከ500,000 በላይ ሠርተዋል፤ በርካቶቹም አሜሪካ ገብተዋል። እኔም ሜሪላንድ ውስጥ ነው ያገኘኋት። በሁለት ዓመት ውስጥ ፍሪሲዮኗ አራት ጊዜ አስቸገረኝ። በአራተኛው አንድ ጋራዥ «የፍሪሲዮን ኩሽኔታው አልቋል፣ ሞተሩ መውረድ አለበት» ብሎ 1,800 ዶላር ጠየቀኝ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ያን ማታ የሽያጭ ማስታወቂያዋን ስልኬ ላይ ጽፌ ጨርሼ ነበር። ያልለጠፍኩት ፎቶዋን ስመርጥ ሆዴ ስለተላወሰ ነው።

ያፈሰሰችውን ዕቃ ብቻ እየቀየሩ መሄድ ለቀጣዩ ብልሽት ቀጠሮ መያዝ ነው ባይ ነኝ። ሳይለኩ ሞተር ማውረድ ደግሞ ከዚያም ይብሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፔዳሉን ስትረግጡ ላይኛው ሲሊንደር፣ ማለትም ማስተሩ፣ የፍሬን ዘይቱን በቱቦ ወደ ታች ይገፋል። ካምቢዮው ጎን ያለው ታችኛው ሲሊንደር ደግሞ በዘንግ ሹካውን ገፍቶ ፍሪሲዮኑን ያላቅቃል። በእኔዋ መኪና የማስተሩ የውስጥ ስፋት 0.75 ኢንች፣ የታችኛው 1.25 ኢንች ነው። አስሉት፤ ላይ 3 ሴንቲ ሜትር ብትገፉ ታች የሚደርሰው ከ1 ሴንቲ ሜትር ትንሽ አለፍ ያለ ነው። ጉልበት ታተርፋላችሁ፣ ርቀት ትከፍላላችሁ። ታች ያለችው ርቀት ትንሽ ስለሆነች ላይ የሚባክን ነገር ሁሉ ያስታውቃል። ማርሽ ስታስገቡ «ክርርር» የሚለው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ታችኛው ሲሊንደር አፈሰሰ። ብልጥ የሆንኩ መስሎኝ ጎሚኒዋን ብቻ ቀየርኩ። አምስት ወር አልቆየችም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ እርጥበቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ያዝገዋል፤ ዝገቱ ደግሞ አዲሷን ጎሚኒ እንደ ሞረድ ይበላታል። ስለዚህ ሲሊንደሩን በሙሉ ቀየርኩ። ብዙም ሳይቆይ ማስተሩ በተራው በፔዳሉ በኩል ጫማዬ ላይ ያንጠባጥብ ጀመር። (ይሄ ዘይት ቀለምም ይልጣል፤ ከነካ ቶሎ በውኃ እጠቡት።) እሱን ስጨርስ ፔዳሉ ከተረገጠ በኋላ ቀስ እያለ ይመለስ ጀመር። ከውጭ ደህና የሚመስለው የጎማ ቱቦ ውስጡ አብጦ ነበር። ሦስቱም እኩዮች ናቸው፣ አብረው አርጅተዋል። አንዱ ሲሄድ ሦስቱንም መቀየር ነበረብኝ። «ይወደዳል» የሚል ካለ፣ እኔ የከፈልኩትን ይደምርልኝ።

በአራተኛው ጊዜ ግን ምንም አያፈስም፤ ማርሹ ግን አሁንም ይጮኻል። ጋራዡን ጨርሶ አልወቅስም። የዚች መኪና ኩሽኔታ ካርቦን ስለሆነ በእርግጥ ያልቃል፤ እሱን ለመቀየርም ሞተሩ መውረዱ አይቀርም። የከነከነኝ ማንም አለመለካቱ ነው። እኔን ጨምሮ።

አዲስ አበባ ጋራዥ ውስጥ ያረጁ አንድ የሰፈራችን መካኒክ ጋ ደወልኩ።

«ፔዳሉ ሲረገጥ ታች ያለችው ዘንግ ስንት ትሄዳለች?» አሉኝ።

«አላውቅም ጋሼ።»

«ታዲያ ምኑን ነው የምታወርደው፣ ልጄ?»

(የእንግሊዝ መኪና፣ አሜሪካ ውስጥ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ እያልን በጣሊያን ቃል ስንጠግናት ሳስበው ያስቀኛል።)

እዚህ ላይ ስልካችሁ ይጠቅማል። በ30 ሰከንድ ቪዲዮ «ፔዳሉን ደጋግማችሁ ርገጡ፣ ይስተካከላል» የሚለውን ለማየት አይደለም። መርገጥ ቤት ያደርሳችሁ ይሆናል፣ አያድናችሁም። እኔ ሞተሯን አጥፍቼ፣ ጎማዎቹን ደግፌ፣ ዘንጓ አጠገብ ማስመሪያ በፕላስተር ለጠፍኩ። ስልኬን ቪዲዮ ላይ አድርጌ እዚያው አስቀመጥኩና ገብቼ ፔዳሉን ረገጥኩ። ቪዲዮውን ሳየው 9 ሚሊ ሜትር። ግማሽ ኢንች ገደማ፣ ማለትም 12 እና 13 ሚሊ ሜትር መሄድ ነበረባት።

አየር ቀርቶ ይሆናል ብዬ ዘይቱን ከታች ወደ ላይ ገፋሁት፤ አየር በተፈጥሮው ወደ ላይ ነውና ከላይ ወደ ታች ከመታገል ይሻላል። 10 ደረሰ። ያኔ ፔዳሉንና የማስተሩን ዘንግ የምታገናኘዋን ፒን አወጣኋት። እንዴ! ግማሿ ተበልቷል። የፔዳሉ ቀዳዳም ሞላላ ሆኗል። እግሬ ገና ባዶውን ሲሄድ ነበር የከረመው። ሦስት ጊዜ ዕቃ ስንቀይር ያችን አሮጌ ፒን መልሰን እዚያው እናስገባት ነበር።

ቀዳዳውን አስበይጄ እንደገና አስበሳሁ፣ አዲስ ፒን ገባ። ከነብየዳው 60 ዶላር አልሞላም። ቪዲዮው ላይ 12 ሚሊ ሜትር ተኩል። የሽያጭ ማስታወቂያውን ከስልኬ አጠፋሁት።

ትናንት ጠዋት ከሥሯ ያነጠፍኩትን ካርቶን አየሁ። አንድ ጠብታ አለች። የሞተር ዘይት ናት፤ የዚያች ደግሞ ሌላ ቀን።