ወደ ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ስለሚኼዱ እንግዶች

በዚህ ዘመን ገንዘብ ያለው ሰው ሊደርስበት የማይችል የምድር ዳርቻ አለ ለማለት ያስቸግራል። ዱሮ መርከበኛ እንኳ እየፈራ ያልፍበት ወደ ነበረው ወደ ደቡቡ የበረዶ ባሕር፥ ዛሬ ባለጸጎች አልጋና ማእድ በተሰናዳበት መርከብ እየተሳፈሩ አራዊትና አዕዋፍ ለማየት ይኼዳሉ። ከነዚህም ስፍራዎች አንደኛዋ ደቡብ ጆርጂያ የምትባለው ደሴት ናት። በካውካስ ካለችው ጆርጂያ ጋራ በስም ብቻ ትገናኛለች፤ ከፎክላንድ ደሴቶች በስተምሥራቅ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኝ፥ በእንግሊዝ መንግሥት የምትተዳደር፥ አብዛኛው ምድሯ በበረዶ የተሸፈነ ናት። የአውሮፕላን ማረፊያም ስለሌላት መንገዷ ባሕር ብቻ ነው።

እንግዶቹ የሚያዩት በእውነት የሚያስደንቅ ነው። ቅዱስ እንድርያስ በሚባለው የባሕር ወሽመጥ ዳር፥ መብረር የማይችለውና እንደ ሰው ቀጥ ብሎ የሚቆመው ንጉሥ ፔንግዊን የተባለው ወፍ ከመቶ ሺሕ ጥንድ በላይ ኾኖ ከጫጩቶቹ ጋራ ይሰፍራል። በመካከሉም የባሕር ዝኆን የሚባለው ከባድ አውሬ ተጋድሞ ያንኰራፋል። በምድሪቱ ላይ የሚያድናቸው አውሬ ስላልነበረ ሰውን ሲያዩ አይሸሹም፤ ይህም ለዛሬው እንግዳ ደስታ ሲኾን ቀድሞ ለነርሱ ጥፋት ኾኖባቸው ነበር።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1775 ካፒቴን ኩክ በደሴቲቱ ወርዶ ያየውን ከጻፈ በኋላ፥ ወሬውን የሰሙ አዳኞች አቆስጣ ለሚባለው የባሕር አውሬ ቍርበት ሲሉ ጐረፉ። ጄምስ ዌዴል የተባለው የእንግሊዝ መርከበኛ እስከ 1822 ድረስ የተወሰደውን ቍርበት 1,200,000 ያህል አድርጎ ገምቶታል። በ1904 ደግሞ ላርሰን የተባለው የኖርዌይ ሰው በግሪትቪከን የዓሣ ነባሪ ማረጃ አቋቋመ፤ በደሴቲቱ ይህ ሥራ በ1960ዎቹ እስኪቆም ድረስ ከ175,000 በላይ ዓሣ ነባሪዎች ታረዱ።

ነገር ግን ከዚህ ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው ማንም ሳያስበው የደረሰው ጥፋት ነው። በአዳኞቹ መርከብ ተደብቆ የገባው አይጥ የአዕዋፉን እንቍላልና ጫጩት ፈጀ፤ በዓለም ከዚያች ደሴት በቀር የማይገኘው ትንሹ ዘማሪ ወፍም አይጥ ወዳልደረሰባቸው ስፍራዎች ተወሰነ። ይህን አይጥ ለማጥፋት ከ2011 እስከ 2015 በሄሊኮፕተር መርዝ ሲበተን 10 ሚሊዮን ፓውንድ ያህል ወጣ። በ2018 ደሴቲቱ ከአይጥ ነጻ መኾኗ ተነገረ፤ ወፉም ወደ ቀድሞ ስፍራው ተመለሰ። አኹን ግን አንዲት ያረገዘች አይጥ ከአንድ መርከብ ብትወርድ ያ ኹሉ ድካም ከንቱ ሊኾን ይችላል።

ስለዚህ ሕጉ ጥብቅ ነው። ከ500 በላይ መንገደኛ የጫነ መርከብ ሰው አያወርድም፤ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ እንግዳ በባሕሩ ዳር አይቆምም፤ ጫማ ይታጠባል፥ የሣር ዘር እንዳይገኝበትም የልብሱ እጥፋትና ኪሱ ይመረመራል። ያን ያህል ገንዘብ ከፍሎ እንደ ተማሪ መፈተሽ የሚከብደው ሰው ቢኖር በቤቱ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

እንግዳ ጭራሽ አይግባ የሚሉም አሉ። አሳባቸው ቅን ነው፤ ነገር ግን የእንግዶቹ ክፍያ ለደሴቲቱ አስተዳደር ይረዳል፤ ሰውም ያላየው ነገር ሲጠፋ ብዙ አያዝንም። ይኹን እንጂ በባሕር ዳር የሚቆመው ሰው 100 ተብሎ ተወስኖ የመርከቡ ብዛት እየጨመረ ቢኼድ ወሰኑ ምን ይረባል? መቶው ሲሳፈር ሌላ መቶ ይወርዳልና።

ከዚህም በላይ በ2023 የአዕዋፍ ጉንፋን ወደ ደሴቲቱ ገባ። በሽታውን ያመጡት ፈላስያን አዕዋፍ እንጂ እንግዶች እንዳልኾኑ ይታመናል፤ ጕዳቱ ግን ብርቱ ነው። በ2022 እና በ2024 መካከል በሦስቱ ትልልቅ መራቢያዎች የሚወልዱት የባሕር ዝኆን እንስቶች ቍጥር በግማሽ ያህል መቀነሱን ተመራማሪዎች በ2025 ገልጠዋል። በሽተኛ ባለበት ቤት ጠያቂ ተራ እየጠበቀ ይገባል እንጂ ተሰብስቦ አይገባም። ስለዚህ እንስቶቹ እስኪያገግሙ ድረስ በመውለጃቸው ወራት የሚገቡት መርከቦች እንዲቀነሱ፥ የሚጐድለውም ገቢ በሚገቡት ላይ በሚጨመር ክፍያ እንዲተካ የደሴቲቱ አስተዳደር ሊያዝዝ ይገባዋል፤ የመርከብ ባለቤቶች ቢያጕረመርሙም።