በቤታችን መስመር ላይ ስንት ሰው አለ?



የዛሬው ርዕሳችን ከወትሮው ለየት ይላል። «ይህ ደግሞ ለትዳርና ለልጆች ምን ይጠቅማል?» ብላችሁ ገጹን እንዳታልፉት አደራ እላለሁ። የምጽፍላችሁ በየቤታችን ስለ ገባው ኢንተርኔት፣ ባለሙያዎች ስለሚጠቀሙባቸው ቃላትና ስለ ትርጉማቸው ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ «ይህ የባለሙያ ነገር ነው» እያልኩ ትቼው ነበር። አለማወቄ ግን በገዛ ልጄ ላይ እንድፈርድ አደረገኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለቤቴ ማታ ማታ በኢንተርኔት ስብሰባ አለው። በስብሰባው መካከል ድምፁ ይቆራረጣል፤ ምስሉም ቀጥ ይላል። ጥፋተኛውን ለማግኘት ብዙም አልደከምንም። የ16 ዓመት ልጃችንን «ሌሊቱን ሙሉ ፊልም የምታወርደው አንተ ነህ» አልነው። «እማዬ፣ እኔ አይደለሁም» ቢለኝም አልሰማሁትም፤ ስልኩን ለሁለት ሳምንት ወሰድንበት። የሚያሳዝነው፣ ስልኩ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበት ሳለም ኢንተርኔቱ ያው እንደ ተንቀራፈፈ ነበር። እኛ ግን ይህን ልብ አላልንም። ይባስ ብሎ ባለቤቴ «አሞላቅቀሽ ያሳደግሽው አንቺ ነሽ» ሲለኝ፣ እኔም «አንተስ መቼ ቤት ትገኛለህ?» እያልኩ መነታረክ ጀመርን።

በዚህ መካከል የኮምፒውተር ባለሙያ የሆነ አንድ ወጣት ለሌላ ጉዳይ ወደ ቤታችን መጣ። ችግራችንን ሲሰማ «እትዬ፣ በኢንተርኔቱ የሚጠቀሙ ዕቃዎች ስንት አሏችሁ?» አለኝ። ቆጥሬ «አምስት» አልኩት። ላፕቶፑን ከፍቶ ጥቂት ነካካና «እዚህ ግን 13 ይታያሉ» አለኝ። ክው አልኩ! ያን ቀን አስቀምጬ ያስተማረኝን ላካፍላችሁ።

1ኛ. ራውተር፦ መብራቱ ብልጭ ድርግም የሚለው ሣጥን ነው። የቤቱ በር ጠባቂ በሉት፤ የሚገባውም የሚወጣውም በእርሱ በኩል ያልፋል። ከውጭ የሚመጣውን መስመር ተቀብሎ ኮምፒውተር ወደሚረዳው መልክ የሚለውጠው ግን ሞደም ይባላል። በብዙ ቤቶች ሁለቱ በአንድ ሣጥን ውስጥ ናቸው።

2ኛ. ዋይፋይ፦ ብዙዎቻችን ኢንተርኔት ማለት ይመስለናል፤ አይደለም። ስልካችንን ያለ ገመድ ከራውተሩ ጋር የሚያገናኘው የሬዲዮ ሞገድ ነው። የዋይፋዩ ምልክት ሞልቶ እያየን ኢንተርኔት የሚጠፋውም ለዚህ ነው፤ እስከ በሩ ደርሰናል፣ ከበሩ ውጭ ያለው መንገድ ግን ተዘግቷል።

3ኛ. አይፒ አድራሻ፦ በነጥብ የተለያዩ አራት ቁጥሮች ናቸው፤ እያንዳንዱ ከ0 እስከ 255 ይሆናል። በዚህ አቆጣጠር የሚገኙት አድራሻዎች 4.3 ቢሊዮን ያህል ብቻ ስለሆኑ ለዓለም አልበቁም። ስለዚህ ራውተሩ ለቤቱ ዕቃዎች የውስጥ አድራሻ ያድላል፤ ብዙ ጊዜ በ192.168 የሚጀምረው ይኸው ነው። ወደ ውጭ ሲወጡ ግን ሁሉም በአንድ አድራሻ ይጠቀማሉ። እንግዲህ አስተውሉ! በእናንተ ዋይፋይ የገባ ማንም ሰው ክፉ ቢሠራ፣ ከውጭ ለሚያየው ከእናንተ ቤት እንደ ወጣ ሆኖ ይታያል።

4ኛ. ማክ አድራሻ፦ እያንዳንዱ ዕቃ ከፋብሪካ ይዞት የሚወጣ ባለ 12 ፊደልና ቁጥር መለያ ነው። ራውተሩ ማን እንደ ገባ የሚመዘግበው በዚህ ነው። አዳዲስ ስልኮች ግን የባለቤቱን ምስጢር ለመጠበቅ መለያቸውን ስለሚቀያይሩ፣ የማታውቁትን ባያችሁ ቁጥር «ሌባ!» አትበሉ። የራሳችሁን ዕቃዎች አንድ በአንድ እያጠፋችሁ ከዝርዝሩ የሚወጣውን ተመልከቱ።

5ኛ. ባንድዊድዝ፦ የቧንቧ ስፋት ማለት ነው። ውል ስንፈርም የሚነገረን በሜጋቢት ነው፤ የፊልምና የፎቶ መጠን ግን በሜጋባይት ይለካል። አንድ ባይት ስምንት ቢት ነው። ስለዚህ «8 ሜጋቢት» የተባለ መስመር ቢበዛ በሰከንድ አንድ ሜጋባይት ያወርዳል። ይህንኑ 13 ዕቃዎች ሲሻሙበት ምን እንደሚሆን እናንተው አስቡት።

6ኛ. ዲኤንኤስ፦ የስልክ ማውጫ እንደ ማለት ነው። እኛ ስም ስንጽፍ እርሱ ቁጥሩን ፈልጎ ያመጣል። የነደፈው ፖል ሞካፔትሪስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ዘመኑም 1983 እ.ኤ.አ. ነበር። ለወላጆች የሚጠቅመው ደግሞ ይህ ነው፦ ክላውድፍሌር የተባለው ድርጅት ከ2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለቤተ ሰብ የሚሆን ነጻ ማውጫ አለው። በራውተሩ የዲኤንኤስ ቦታ 1.1.1.3 ተብሎ ሲሞላ ብዙ የብልግና ገጾችን ይከለክላል። ሆኖም ሁሉን አይዘጋም፤ ከልጅ ጋር ቁጭ ብሎ መነጋገርንም አይተካም።

ታዲያ እነዚያ ስምንቱ እነማን ነበሩ? ሌቦች አልነበሩም። ቤታችን እንግዳ አይጠፋበትም፤ ለመጣ ሁሉ የይለፍ ቃሉን የሰጠነው እኛው ነን። የይለፍ ቃሉም የባለቤቴ ስልክ ቁጥር ነበር! ከእንግዳ ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤት ወደ ተከራይ ተላልፎ ነው።

ያን ዕለት ሦስት ነገር አደረግን። የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ለወጥን፤ የራውተሩን ማስተካከያ ገጽ የሚከፍተውን ሌላውን የይለፍ ቃልም እንዲሁ። ጥበቃውን ደብሊውፒኤ2 በሚባለው ላይ አደረግነው፤ ራውተራችሁ ደብሊውፒኤ3 ካለው ግን እርሱ ይሻላል። ለእንግዶችም ከቤታችን ዕቃዎች የተለየ የእንግዳ ዋይፋይ ከፈትን፤ እንግዳ መቀበል ይቀራል እንዴ?

ማታ ባለቤቴ ስብሰባውን ያለ ምንም መቆራረጥ ጨረሰ። ስልኩን ከቁም ሣጥኑ አውጥተን ሁለታችንም ወደ ልጃችን ክፍል ገባንና ይቅርታ ጠየቅነው። ዝም ብሎ ቆየና «እማዬ፣ ነግሬሽ ነበር እኮ» አለኝ። ከዚያ ሁሉ ቃል ይልቅ ልቤን የነካው ይህ ነው።

ውድ ወላጆች፣ በልጃችሁ ላይ ከመፍረዳችሁ በፊት የራውተሩን ዝርዝር ክፈቱ። ዛሬ ማታ ከባለቤታችሁ ጋር ተቀምጣችሁ ቁጠሩ፤ በቤታችሁ መስመር ላይ ስንት ሰው አለ?