ሰኞ ጠዋት ብቻ የሚያም ሆድ

ለበዓል ደባርቅ እህቴ ዘንድ ሰንብቼ መመለሴ ነው። አሥር ዓመት ያለፋት ልጇ ጠዋት ጠዋት ሆዷን ይዛ ታለቅሳለች። ሦስት ጊዜ ሐኪም አይቷታል፤ ሰገራዋ ንጹሕ ነው ተብሎም የወስፋት መድኃኒት ተሰጥቷታል። ጎረቤት በበኩሉ ዓይን ነው ይላል። ቅዳሜና እሁድ ግን ልጅት ምንም አይላት!

አንድ ማታ እናቷ ወጣ ስትል፣ «ከመተኛትሽ በፊት ምን ምን ታስቢያለሽ?» አልኋት። ዝም ብላ ቆየችና፣ «እኔ ትምህርት ቤት ሳለሁ ተኩስ ቢጀመር እማዬን ማን ያወጣታል?» አለችኝ። በ2013 ዓ.ም. ነሐሴ ማብቂያ ላይ ጦርነቱ ዳባት አጠገብ ጭና ሲደርስ ገና ሕፃን ነበረች። እኛ ረስታዋለች ብለን ነበር።

አሜሪካ ውስጥ አንድ የባለሙያዎች ቡድን እ.ኤ.አ. በ2022 ከ8 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ምልክት ባይታይባቸውም ለጭንቀት ልየታ እንዲደረግላቸው መክሯል። ከ8 ዓመት በታች ላሉት ግን በቂ ማስረጃ የለም ብሏል። ልየታው አጭር መጠይቅ ነው፤ ብዙ ነጥብ ያገኘ ልጅ ታሟል ማለት ሳይሆን በደንብ ይታይ ማለት ነው።

ወረፋው በር ድረስ በሚደርስበት ጤና ጣቢያ ለእያንዳንዱ ልጅ መጠይቅ ሙሉ ማለት ይከብደኛል። ለይቶ የሚልክበት ከሌለ ደግሞ ቁስል መነካካት ይሆናል። ነገር ግን ሰገራው ንጹሕ ሆኖ ሁለተኛ ጊዜ ለመጣ ልጅ «ትምህርት በሌለ ቀንስ ያምሃል?» ለማለት ምን ያህል ደቂቃ ይፈጃል? እናትንም ለአፍታ ውጭ ማስቀመጥ ነው፤ ልጆች እናታቸውን ላለማስጨነቅ ይደብቃሉ።

እህቴን ጎንደር ድረስ ይዛት እንድትሄድ ገፋፋኋት። የነገሯት ክኒን አልነበረም። ልጅቷን ቤት ማስቀረት ለዛሬ ያሳርፋታል፣ ፍርሃቱን ግን ያጠነክረዋል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ አለማምጃት ነው ያሏት። መጀመሪያ እስከ ክፍሏ፣ ከዚያ እስከ ትምህርት ቤቱ በር።

ትናንት ደወለችልኝ። «ዛሬ ወፍጮ ቤቱ ጋ ስንደርስ ተመለሺ አለችኝ» አለችኝ፤ «እኔ ነኝ ቆሜ የቀረሁት።»